አሰልጣኝ እሆናለሁ ላልከኝ ልጄ

ልጄ፣ መልእክትህን ደጋግሜ አነበብኩት። ኮሌጅ ስትጨርስ በአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝነት መሰማራት እንደምትፈልግ፣ እናትህም «ምነው፣ ሰው የሚያውቀው ሥራ ጠፍቶ ነው?» ብላ እንዳዘነች ነግረኸኛል። እኔ ያደግኩት በእግር የሚመታውን ኳስ እያየሁ ነው። ይህን በእጅ የሚያዘውን የለመድኩት እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ፣ እሁድ ከሰዓት ከእናንተ ከልጆች ጋር እየተቀመጥኩ ነው። ከአሰልጣኞቹ ሁሉ ግን ልቤን የገዛው አንዲ ሪድ ነውና ምክሬንም ከእሱ ሕይወት ላይ ላንሳልህ። ብልህ ከሰው ይማራል።

ሪድ በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት ስሙ የገነነ አልነበረም። ኳስ የሚወረውረውን ልጅ ከጥቃት ከሚከላከሉት ግዙፎች አንዱ ነበር። ወደ ሥልጠናው የገፋፋው የዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ላቬል ኤድዋርድስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በረዳትነት ሲቀጠር ቡድኑ ገንዘብ ስላልነበረው ሪድ ግቢ ውስጥ ሆት ዶግ እየሸጠ ያሰባስብ ነበር። ከዚያ ሰሜን አሪዞና፣ ከዚያ ኤል ፓሶ፣ ከዚያ ሚዙሪ። ቤተሰብ ይዞ ከከተማ ከተማ ሲዞር ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በ1992 ወደ ፕሮፌሽናሉ ቡድን ወደ ግሪን ቤይ የጠራው ማን መሰለህ? ማይክ ሆልምግረን ነው፤ ሪድ በብሪገም ያንግ ጀማሪ ረዳት ሳለ እዚያው ያሠለጥን የነበረ ሰው። ማንም አያየኝም ብለህ የምትሠራውን ሥራ የሚያይ ሰው አለ ልጄ።

አንተ የተቻኮልክ ትመስላለህ። በአምስት ዓመት ውስጥ ዋና አሰልጣኝ መሆን እንደምትፈልግ ጽፈሃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የረዳትነት ሥራ ምን እንደሆነ ቀርበህ እየው፤ የተጋጣሚን ቪዲዮ ወደኋላ እየመለሱ፣ ሦስተኛ ሙከራ ላይ ስምንት ያርድ ሲቀረው ምን ያደርጋል፣ ሁለት ሲቀረውስ እያሉ በየመልኩ መመዝገብ ነው። አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ቀኝ እግሩን ከግራው እንዳያስቀድም እስኪለምድ ድረስ ሳይሰለቹ ማሳየት ነው። ሪድ በእነዚያ ዓመታት ያየውንና የተማረውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። በ1999 የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት ለቃለ መጠይቅ ሲጠራው ያንን ወፍራም መዝገብ ይዞ ገባ። በ40 ዓመቱ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። አንተም ደብተር ግዛ።

ሹመት ደግሞ የመከራው መጀመሪያ ነው። በዚያው ዓመት ኳስ ወርዋሪውን ዶኖቫን ማክናብን ከኮሌጅ ሲመርጥ የራሱ ደጋፊዎች ጮኹበት። የመጀመሪያውን ዓመት በ5 ድልና በ11 ሽንፈት ጨረሰ። ቆይቶ ግን ቡድኑን አራት ዓመት በተከታታይ እስከ ኮንፈረንሱ ፍጻሜ አደረሰው፤ ሦስቱን ተሸነፈ፣ በአራተኛው የዋንጫው ጨዋታ ሱፐር ቦውል ገብቶ በኒው ኢንግላንድ 24 ለ 21 ተረታ። በ14ኛው ዓመት አራት ጨዋታ ብቻ ሲያሸንፍ፣ በ2012 የመጨረሻ ቀን አሰናበቱት። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ትልቅ ጨዋታ ማሸነፍ የማይችል፣ ዘመኑ ያለፈበት ተባለ። በቀናት ውስጥ ግን ባለፈው ዓመት ሁለት ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ካንሳስ ሲቲ ወሰደው፤ በመጀመሪያ ዓመቱም 11 አሸነፈለት። አምላክ ሳይደግስ አይጣላም። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት ፕሌይኦፍ ላይ 38 ለ 10 ሲመራ ቆይቶ 45 ለ 44 ተሸነፈ። በዚህ ሥራ ውስጥ እንዲህ ያለ ሌሊት ይመጣል። አንተም ጋ ይመጣል፤ በማግስቱ ጠዋት ልጆቹ ፊት ቆመህ ልምምድ ትጀምራለህ።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። ሪድ በ2017 ወጣቱን ኳስ ወርዋሪ ፓትሪክ ማሆምስን መርጦ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከነባሩ ከአሌክስ ስሚዝ ኋላ አስቀመጠው። ብዙ አሰልጣኝ ለደጋፊ ጩኸት ብሎ ልጁን ቶሎ ይማግደው ነበር። የትዕግሥቱን ፍሬ በየካቲት 2020 ማያሚ ላይ በተደረገው ሱፐር ቦውል አየነው። ሳን ፍራንሲስኮ 20 ለ 10 እየመራ፣ ሰባት ደቂቃ ግድም ሲቀር፣ ሦስተኛ ሙከራ ላይ 15 ያርድ ያስፈልጋቸው ነበር። ማሆምስ ሁለት ኳስ ለተጋጣሚ ሰጥቷል። ያም ሆኖ ሊሞክሩት የሚገባውን ጨዋታ ራሱ ጠየቀ፤ አሰልጣኞቹም ሰሙት። ወደኋላ ርቆ ሄዶ የወረወረው ኳስ 44 ያርድ አስገኘ፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ አስቆጥረው 31 ለ 20 አሸነፉ። ሪድ 61 ዓመቱ ነበር፤ ዋና አሰልጣኝ ከሆነ 21ኛ የውድድር ዓመቱ። እኔን ከዋንጫው በላይ የሚደንቀኝ ጨንቆት ሳለ ተማሪውን ማዳመጡ ነው። ከእሱ ሥር የሠሩት ጆን ሃርባውና ዳግ ፒደርሰን ዋና አሰልጣኝ ሆነው ያንን ዋንጫ ያነሱት ከእሱ በፊት ነው። አንተም ያሳደግካቸው ሲቀድሙህ ደስ እንዲልህ ልብህን ከአሁኑ አስለምደው።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ሪድ በተባረረበት ዓመት ክረምት ላይ፣ ቡድኑ ልምምድ በሚያደርግበት ካምፕ ውስጥ፣ ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር ለዓመታት ሲታገል የኖረው የበኩር ልጁ ሞቶ ተገኘ። በሰው ሐዘን አልፈርድም፤ ልጅ ያሳደገ ሰው ለዚህ አፉን አይከፍትም። የዚህ ሥራ ሰዓት ግን ጨካኝ መሆኑን ዕወቅ፤ በውድድር ወቅት ቢሮ የሚያድሩ አሰልጣኞች ብዙ ናቸው። ስታገባ ሚስትህ ይህን አውቃ ትግባበት። ከልጆችህ ጋር የምትበላበትን ማታ ደግሞ እንደ ልምምድ ሰዓት በፕሮግራምህ ጻፈው።

የቀረበልህን የዘጠነኛ ክፍል ቡድን ረዳትነት ተቀበል። ክፍያው ትንሽ ነው ብለሃል፤ እውነት ነው። እዚህ አገር አብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ የሚኖረው በሌላ ሥራ፣ ይልቁንም በመምህርነት ደመወዝ ነው። ስለዚህ የመምህርነት ፈቃድህን ጎን ለጎን አውጣ፤ እናትህንም የሚያሳምናት እሱ ነው። ማነጋገሩን ለእኔ ተወው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እቤታችሁ እመጣለሁ፤ አንተም አትጥፋ።