የወጋ ቢረሳ

ባለፈው ሰሞን አራት ኪሎ ታክሲ ለመያዝ ተሰልፌ ሳለሁ አንድ ጎልማሳ «መምህር፣ አወቁኝ?» ብሎ ጨበጠኝ። መቼም ይህን ጥያቄ የማይፈራ አስተማሪ የለም። «እንዴ! እንዴት እረሳሃለሁ?» አልኩት። ዋሸሁ።

ሰውዬው ሳያውቅብኝ አልቀረም። ፈገግ ብሎ፣ «ያኔ ድርሰቴን ክፍል ውስጥ አንብበው ‹አንተ ልጅ፣ ወረቀት አታባክን› ብለውኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም» አለኝ። በቁጣ አይደለም፤ እንደ ጨዋታ ነው የነገረኝ። ወዲያው ታክሲ መጣና ተለያየን።

እኔ ግን ቤቴ እስክገባ አእምሮዬን ስበረብር ዋልኩ። ክፍሉ፣ ድርሰቱ፣ ያ ቃል... አንዱም የለም!

ሰው ለምን ይረሳል? ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ጥያቄውን በራሱ ላይ ሞክሮታል። ትርጉም የሌላቸው ድምፆችን ይሸመድድና፣ ቆይቶ መልሶ ሲሸመድዳቸው ምን ያህል ጊዜ እንደተረፈለት ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ውጤት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ ይጠፋል፤ ከዚያ ጥፋቱ እየዘገየ ይሄድና በወሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀራል። ደጋግመን የጎበኘነው ነገር ግን ይሰነብታል። ስሜትን አጥብቆ የነካ ነገርም ከተራው ይልቅ እንደሚጸና ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አሳይተዋል።

እንግዲህ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ያ ቃል ለእኔ ከአፍ የወጣ ትንፋሽ ነበር፤ ተመልሼ አልጎበኘሁትም። ለእሱ ግን ቁስል ነበር፤ እስክሪብቶ ባነሳ ቁጥር ጎብኝቶታል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ያሉት አባቶቻችን ቤተ ሙከራ አላስፈለጋቸውም።

ታዲያ የረሳ ሰው ጥፋተኛ ነው? መርሳቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። ብድር የወሰደ ሰው ግን ስለረሳ ብቻ ዕዳው አይሰረዝለትም። «አላስታውስም» ማለት እውነት ሊሆን ይችላል፤ መልስ ግን አይሆንም። እርግጥ የተወጋውም ትዝታ ሊሳሳት ይችላል፤ ትዝታ በተነሳ ቁጥር መልኩን ሊለውጥ ይችላል። ምናልባት ያልኩት ከዚያ የለዘበ ይሆናል። ምናልባትም የባሰ። ለዚህ ግን ምስክር ልሆን አልችልም፤ እኔ የረሳሁት ነኛ!

ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እዚያው ሰልፉ ላይ ነበር። አሁን ፈልጌ እንዳላገኘው ስሙን እንኳ አላውቅም። እንዴት ልጠይቀው? አውቄሃለሁ ብዬዋለሁ።

እናንተም አንድ ቀን «አወቅኸኝ? አወቅሽኝ?» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ አትቸኩሉ። «ማን ልበል?» በሉ። ከዚያም አድምጡ።