ፈረሱ አጊጦ፣ የልጁ ጆሮ እየመገለ

ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር፣ አንድ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ ጉግሱን ያሳየዋል። ፈረሶቹ ታጥበው፣ ተቀጥቅጦ የተሠራ ጌጥ ግንባራቸው ላይ ያብለጨልጫል። የልጁ ቀኝ ጆሮ ግን ይመግላል፤ ቢጫው ፈሳሽ አንገቱ ላይ ደርቆ ዝንብ ይወረዋል። «ምነው?» ብለው «ከክረምት ጀምሮ ነው፤ ሲያድግ ይተወዋል» አለኝ።

ይተወዋል! ፈረሱ ቢያነክስ ይተወዋል ብሎ ያድር ነበር?

ወገኖቼ፣ የጆሮን ውስጥ ከአንጎል የሚለየው ስስ አጥንት ነው። ብግነቱ ሳይታከም ሲመላለስ አጥንቱን እየበላ ይዘልቃል። ማጅራት ገትር ሊያስከትል፣ አንጎል ውስጥም መግል ሊቋጥር ይችላል። በሁሉም ልጅ ላይ አይደርስም፤ ታዲያ በልጃችሁ አንጎል ላይ ዕጣ ትጣጣላላችሁ? አንጎል ከተነካ በኋላ ባሕር ዳር ድረስ በኮንትራት መኪና መሮጥ ምን ይረባል? ማከሙ ጆሮ ላይ ሳለ ነበር!

ደግሞ የምታደርጉለት ነገር! የዶሮ ላባ፣ የክብሪት እንጨት፣ የቅጠል ጭማቂ፣ የሞቀ ዘይት። ጆሮ ማሰሮ ነው እንዴ? የሚመግል ጆሮ መድረቅ ነው ያለበት። ንጹሕ ስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፈሳሹን እያስመጠጣችሁ፣ ውኃ ሳታስገቡ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሐኪም ያዘዘውን ጠብታ ደግሞ እስከ መጨረሻው ጨርሱ። ሁለት ሳምንት የፈሰሰ ጆሮ ውሎ ማደር የለበትም። ጠበሉንም ሐኪሙንም የሰጠን አንድ አምላክ ነው፤ አደራውን በ«ይተወዋል» አትመልሱለት።

ለጆሮው ሕመም ብርዱን ምክንያት አታድርጉ። ሕፃን አዝሎ በጭስ በታፈነ ማድ ቤት መዋል ጆሮውን ለብግነት ያጋልጣል። የሳንባ ምችና የጆሮ ብግነት ከሚያመጡት ተሕዋስያን ዋናውን የሚከላከል ክትባት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፤ በ6ኛ ሳምንት ይጀመራል። ዳንግላ ገበያ በየሳምንቱ የማይቀር ሰው ለክትባት ቀን ጊዜ ያጣል?

መምህራንም አላችሁበት። ልጁ ይሸታል ብላችሁ ወደ ኋላ ወንበር ትገፉታላችሁ፤ እዚያ ሆኖ ሳይሰማ ሲቀር ሰነፍ ትሉታላችሁ። ይባስ ብሎ ጥፊ! በጥፊ የጆሮ ታምቡር እንደሚቀደድ አስተማሪ ነኝ የሚል ሰው ጠፍቶት ነው? እጃችሁን ሰብስቡ፤ ልጁን ፊት ወንበር አስቀምጡት፤ አባቱንም ነገ ጠዋት አስጠሩት።