እምነት በግድ አትተከልም፦ ከማያምኑ ወገኖቻችን ጋር ስለ መኖር



በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 መጨረሻ፣ ጌታችን ስለ ሕይወት እንጀራ ካስተማረ በኋላ፣ ከደቀ መዛሙርቱ ብዙዎች ቃሉ ከበዳቸውና ወደ ኋላቸው ተመለሱ። ጌታም እንዲቀሩለት ብሎ ቃሉን አላለዘበም፤ በሚሄዱትም ላይ አልዛተም። ወደ ዐሥራ ሁለቱ ዘወር ብሎ እነርሱም መሄድ ይወዱ እንደ ሆነ ጠየቃቸው። በዚህ አጭር ጥያቄ ውስጥ ሁለት ነገሮች አብረው ይገኛሉ፤ እውነት አይሸራረፍም፣ ሰውም አይገደድም። በዚህ እትም ልንመለከተው የወደድነው ጉዳይ የሚቆመው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአገራችን ሕዝብ 43.5 ከመቶው ኦርቶዶክስ፣ 33.9 ከመቶው ሙስሊም፣ 18.6 ከመቶው ፕሮቴስታንት መሆኑ ተመዝግቧል። እኛ ካቶሊካውያን 0.7 ከመቶ ነበርን። እንዲህ ባለ አማኝ ሕዝብ መካከል እግዚአብሔር መኖሩን አላምንም የሚል ሰው ቁጥሩ ጥቂት፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ነገር ግን አለ። ለትምህርት ርቆ ሄዶ የተመለሰ ልጃችን፣ የሥራ ባልደረባችን ወይም የዕድራችን አባል ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ እናቱ እንዳታዝን በየበዓሉ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ይቆማል፤ ልቡ ግን ከዚያ የለም። ሌላው ሐሳቡን የገለጸ ዕለት ከማዕድ ይለያል፤ ለጋብቻ የታጨችለትም ትከለከለዋለች፤ ስትሞት ማን ይቀብርሃል ይባላል። የመቃብር ስፍራ በአብዛኛው በቤተ እምነቶች እጅ በሆነበት አገር ይህ ቀላል ማስፈራሪያ አይደለም። እንግዲህ እኛ የክርስቶስ ተከታዮች ለዚህ ሰው ምን ልንሆንለት ይገባናል?

ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ኅዳር 28 ቀን 1958 ዓ.ም. ስለ ሃይማኖት ነፃነት ባወጣው መግለጫ፣ ማንም ሰው በሃይማኖት ነገር ከሕሊናው ውጭ እንዲሠራ መገደድ እንደሌለበት፣ በሕሊናው መሠረት ከመሥራትም መከልከል እንደሌለበት አስተምሯል። ግዴታው ከመንግሥት ቢመጣ፣ ከማኅበር ቢመጣ፣ ከግለሰብም ቢመጣ ያው ነው። የዚህም መብት መሠረት እግዚአብሔር ለሰው ልጅ የሰጠው ክብር ነው። ስለዚህ ጉባኤው እውነትን የመፈለግ ግዴታውን በማይፈጽም ሰው ላይ እንኳ መብቱ ጸንቶ እንደሚኖር ይናገራል። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም በቁጥር 586 ማንንም ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ለማስገባት ማስገደድን ወይም በማይገባ ዘዴ ማባበልን አጥብቆ ይከለክላል።

ይህ ማለት እምነትና ክህደት እኩል ናቸው ማለት አይደለም። ሰው ሁሉ እውነትን የመፈለግ፣ ባገኛትም ጊዜ የመያዝ ግዴታ እንዳለበት ያው ጉባኤ አስተምሯል። ስሕተት መብት አለው አንልም፤ የተሳሳተው ሰው ግን መብት አለው እንላለን። እምነት ለወደደን አምላክ የምንሰጠው የፍቅር መልስ ናትና፣ ተገድዶ የተሰጠ መልስ ፍቅር ሊሆን አይችልም። በማስፈራራት አምናለሁ ያሰኘነው ልጅ አማኝ አልሆነም፤ ሐሰት መናገርን ተማረ እንጂ። ከዚህም የከፋ አለ፤ ቤተሰቡን ፈርቶ ሳያምን ወደ ሥጋ ወደሙ የሚቀርብ ወጣት ይኖራል። ቅዱስ ጳውሎስ ሳይገባው ስለሚቀበል ሰው የጻፈውን የምናውቅ ሁሉ፣ ሌላውን ወደዚህ መግፋት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ እናስተውል።

ከታሪካችን የምንማረው

አገራችን በ1966 ዓ.ም. ከፈነዳው አብዮት እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ተቃራኒውን አይታለች። ማርክሲዝም ሌኒኒዝምን መመሪያው ያደረገው መንግሥት ሃይማኖትን እንደ ኋላ ቀርነት ቈጠረ። ወጣቶች በየውይይት ክበቡ አምላክ እንደሌለ ተሰበኩ፤ በተለይ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች በብዙ ቦታ ተዘጉ። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ።

ይህን ዘመን ያሳለፉ አንዳንድ ወገኖቻችን፣ ያኔ አምላክ የለም ባዮች እንዲያ ካደረጉን ዛሬ ለእነርሱ ነፃነት ማለት ምን ይባላል ይላሉ። ኀዘናቸው እውነተኛ ነው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ግፍ የሆነው የአንድ ሰው አለማመን ሳይሆን፣ አለማመንን በሰው ሕሊና ላይ በኃይል መጫኑ ነበር። ደግሞም ያ ሁሉ ኃይል ያሰበው አልሠመረለትም፤ ሕዝቡ ጸሎቱን በየቤቱ ደብቆ ይዞት ኖረ። ያን የሚያህል ሥልጣን ክህደትን በግድ ሊተክል ካልቻለ፣ እኛ እምነትን በቁጣና በማግለል እንዴት ልንተክል እንችላለን?

ካቶሊካውያን ስለ ሕሊና መገደድ የምናውቀው ከሩቅ አይደለም። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ከሕሊናቸው ውጭ እንዲመሰክሩ ቢገደዱ እምቢ ብለው፣ በሰንሰለት እንደ ታሰሩ በ1855 እ.ኤ.አ. ዐርፈዋል፤ ቤተ ክርስቲያንም በ1926 እ.ኤ.አ. ብፅዕናቸውን ዐውጃለች። ይህን የምናነሣው የቆየ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ በጥቂትነት የሚኖር ሰው ሸክሙ ምን እንደሚመስል እንድናስብ ነው። እንዲያውም በ2ኛው መቶ ዓመት በሮማውያን ዘንድ አምላክ የለሽ ይባሉ የነበሩት ክርስቲያኖች ናቸው፤ ለአማልክት አይሠዉም ነበርና። የሰምርኔሱ ጳጳስ ቅዱስ ፖሊካርፐስ ለፍርድ በቀረበ ጊዜ ገዢው አምላክ የለሾችን እንዲያወግዝ ጠየቀው፤ ማለቱ ግን ክርስቲያኖችን ነበር።

ዛሬም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነፃነትን ለሁሉ ሰው ይደነግጋል። ቅዳሴያችንን በሰላም እንድንቀድስ፣ ልጆቻችንን እንድናስተምር ጥላ የሆነን ይኸው አንቀጽ ለማያምነውም ጥላ ነው። የእርሱን ቅርንጫፍ ብንቆርጥ ፀሐዩ በእኛም ላይ ይወርዳል።

በቤታችንና በቁምስናችን

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በመዝሙር 14 (በግዕዙ 13) ስለ ሰነፍ የተጻፈውን ቃል እንደ ድንጋይ ለመወርወር አንቸኩል። መዝሙሩ እስከ መጨረሻው ሲነበብ የሚወቅሰው ድሀውን የሚያሳፍሩትን፣ ሕዝቡን እንደ እንጀራ የሚበሉትን ነው። እንዲህ ያለው ሰው ግን በአፉ ጸሎት እያነበበ በእጁ የሚበድል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቃሉን አስቀድመን ለራሳችን እናንብበው።

ወጣቱ አላምንም ሲል ከመልሳችን በፊት ምክንያቱን እንስማ። ጉባኤው ስለ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ባወጣው ሰነድ፣ ከክህደት ምክንያቶች አንዱ በዓለም ያለው ክፋት በሰው ልብ የሚያስነሣው ተቃውሞ መሆኑን ይገልጻል። አማኞችም የእምነትን ትምህርት ቸል በማለትና በሕይወታቸው ጉድለት የእግዚአብሔርን ፊት ሊሸፍኑ እንደሚችሉ ያመለክታል። እኅቱ በወሊድ የሞተችበት ልጅ የሚጠይቀው ጥያቄ በክርክር አይዘጋም። አብሮት የሚቀመጥ፣ የማያውቀውን አላውቅም የሚል መምህር ያስፈልገዋል።

ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብትም ግዴታም አላቸው፤ ይህን ማንም ሊነጥቃቸው አይገባም። ልጁ ለአቅመ አዳም ከደረሰ በኋላ ግን እንጀራ መከልከል፣ ከውርስ መንቀል፣ መርገም የማስተማሪያ መንገዶች አይደሉም። ቅድስት ሞኒካ ለልጇ ለአውግስጢኖስ ብዙ ዓመታት ያለቀሰችው ዕንባ፣ የጸለየችውም ጸሎት ለእናቶቻችን ምሳሌ ይሁናቸው።

በዕድርም እንዲሁ ነው። ወርሃዊ መዋጮውን ሲከፍል፣ የሌላውን ሬሳ ሲሸከም የኖረ ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳኑ ሊከለከል አይገባም። በሕይወቱ ያልተቀበለውን ሥርዓተ ፍትሐት እንጫንበት አንልም። ነገር ግን አስከሬኑን መሸኘት፣ ከቤተሰቡ ጋር መቀመጥ፣ ያዘኑትን ማጽናናት የምሕረት ሥራ ነው። ጦቢት ሬሳቸው የተጣለውን ወገኖቹን በሌሊት ሲቀብር ጎረቤቶቹ እንዳፌዙበት መጽሐፉ ይተርካል። በእኛም ቢፌዙብን አንፈር።

ከማያምኑ ወገኖቻችንም የምንጠብቀው አለን፤ የምናከብረውን እንዳያቃልሉ፣ የምንመሰክረውንም እንዳይከለክሉን። ነፃነት ለሁለቱም ወገን ነውና እኛም ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ ቅዱስ ጴጥሮስ እንዳዘዘው በየዋህነትና በአክብሮት እንመልስ። ጌታ ያን ባለጠጋ ሰው አይቶ ወደደው፤ ሰውዬው እያዘነ ሲሄድም በኋላው እርግማን አልላከም።

እንጸልይ። ሰማያዊ አባት ሆይ፣ አንተን ለሚያውቁ ትዕግሥትን፣ ለሚፈልጉህ ብርሃንን፣ አንተን መፈለግ ለተዉትም የሚወዷቸውን ጎረቤቶች ስጥ። ልባችን በተጠራጠረ ጊዜ አለማመናችንን እርዳ። በልጅህ በወዳጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ። አሜን።