ታክሲው ባይኖርስ?

ጋሽ ኃይሉ መርጊያ በስተርጅና የሠሩትን ሙዚቃ እወዳለሁ። ሆኖም የወደድሁት ዜማውን ይሁን ታሪኩን ራሴን ስጠረጥር ኖሬአለሁ።

ታሪኩ ሲበዛ ያምራል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ፤ አዲስ አበባ ሂልተን ሲጫወቱ ያነጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ለኮንሰርት አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። በ1985 በአኮርዲዮን፣ በሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን ብቻቸውን ካሴት ሠሩ። ከዚያ በኋላ ግን መተዳደሪያቸው ታክሲ ሆነ፤ ደለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ በባትሪ በሚሠራ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። በ2013 ያ ካሴት እንደገና ሲታተም ዓለም ሰማቸው። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተባሉትን አልበሞች አወጡ።

የምኖርባት ጊንጪ የአምቦ መንገድ ያቆማት ከተማ ናት፤ ስለዚህ ለሹፌር ልባችን ይራራል፤ ታዲያ ፍርዴ ከዚህ ርኅራኄ በምን ይጸዳል? የአምቦ መስመር ሹፌር ለሆነ ጎረቤቴ የተጫዋቹን ማንነት ሳልነግረው ከ«ላላ በሉ» «ትዝታ»ን አሰማሁት። «ትዝታ ነው፤ ግን ትዝታ እንዲህ ይሮጣል እንዴ?» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ልቤ ግን አላረፈም። የለመደውን ቅኝት ስለሰማ ወዶት ቢሆንስ?

ስለዚህ ከዋልያስ ጋር የሠሩትን የ1977ቱን አልበም «ቸ በለው»ን ከ«ላላ በሉ» ጋር እያፈራረቅሁ ሰማሁ። በመጀመሪያው ላይ ኦርጋኑ ከነሳክስፎኑ ጋር ይጋፋል፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን አሉበት። በሁለተኛው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ከበሮውንና ቤዙን የያዙት አውስትራሊያውያን ናቸው። ጋሽ ኃይሉ አኮርዲዮኑንም ኪቦርዱንም ራሳቸው ይዘዋል። ትዝታው ቀስ ብሎ ይነሣና እየፈጠነ ይሄዳል። የድሮ ሥራቸውን መድገም ቢሆን ኖሮ የድሮውን ድምቀት ለማምጣት ይደክሙ ነበር፤ እሳቸው ግን ሌላ ቦታ ይዘዋል።

አንድ ጥርጣሬ ቀረኝ፤ ባንዱ ያነሰው ጣታቸው ስለደከመ፣ አቅማቸው ስላጠረ ይሆን? ለዚህ መልሱን ያገኘሁት በአልበሙ መዝጊያ፣ «የፍቅር እንጉርጉሮ» ላይ ነው። ፒያኖ ብቻ ነው። ከበሮ የለ፣ ቤዝ የለ፤ የደከመ ጣት የሚሸሸግበት ጥግ የለም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው እያንዳንዱን ድምፅ በቦታው ያስቀምጣሉ፤ ዝም የሚሉበትንም ያውቃሉ።

እዚህ ላይ ልቤ አረፈ። ታክሲው ሥራው ለምን እንደዘገየ ይነግረኛል፤ ለምን እንዳማረ የሚነግረኝ ጆሮዬ ነው። የነሳክስፎኑ ግፊያ ይናፍቀኛል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን «ወርቃማው ዘመን» እያልን ከ1970ዎቹ ወዲህ ያለውን ሁሉ እንደ ትርፍራፊ መቁጠራችን ፍርድ ማጉደል ነው። አንባቢ ሆይ፣ የአንጋፋ ሙዚቀኛ አዲስ ሥራ ስታገኝ ታሪኩን ከማንበብህ በፊት ሙዚቃውን ስማ፤ ከዚያ ፍረድ።