ራሔል በመንገድ ላይ

ንባብ፦ ዘፍጥረት 35፥16-20፤ 48፥7



ያዕቆብ ራሔልን የቀበራት አባቶቹ በተቀበሩበት ዋሻ አይደለም። ከቤቴል ተነሥተው ወደ ኤፍራታ ሲሄዱ፣ ገና ሳይደርሱ ምጥ ያዛት፤ ልጇን ወልዳ እዚያው መንገድ ላይ ሞተች። ያዕቆብ በመቃብሯ ላይ ድንጋይ አቆመና ጉዞውን ቀጠለ። ምን ያድርግ?

ከእኛ መካከል ድንጋይ እንኳ ለማቆም ጊዜ ያላገኘ ብዙ ነው። ካርቱም ላይ ጦርነቱ የተነሣው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር፤ ቅዳሜ ስዑር፣ ጌታ በመቃብር የዋለበት ቀን። ለፋሲካ የተገዛው ዶሮ እንኳ ሳይታረድ ተኩሱ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሞተን ሰው ወደ መቃብር ስፍራ መውሰድ በብዙ ሰፈር አልተቻለም። ሰው በግቢው፣ በመንገድ ዳር፣ በኳስ ሜዳ ተቀበረ። ፍትሐት የለ፣ ድንኳን የለ፣ ጮኾ ማልቀስ እንኳ ያስፈራ ነበር። አንዲት እናት «ልጄን እንዳልቀበርኩት ነው የምቆጥረው» አሉኝ። እናቴ፣ ቀብረውታል። ጌታም የተቀበረው በችኮላ ነው፤ መቃብሩም የሰው ነበር።

ካርቱም ውስጥ የጦር መካነ መቃብር አለ። እዚያ ከ1932 እስከ 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ሥር ሆነው በኤርትራና በሰሜን ኢትዮጵያ ጠረፍ ጣሊያንን ሲወጉ የሞቱ፣ መቃብራቸው ግን ያልታወቀ ወደ 600 የሚጠጉ ወታደሮች ስም ተቀርጿል። ከስሙ ሥር አስከሬን የለም። ስሙ የተገኘው ጽፎ የያዘ ሰው ስለነበረ ነው።

ወደ ያዕቆብ እንመለስ። ሸምግሎ፣ ዓይኑ ፈዞ፣ በሰው አገር በግብፅ ሳለ ለዮሴፍ እናቱ የት እንደሞተች ነገረው፤ ለኤፍራታ ጥቂት ሲቀር፣ እዚያው መንገድ ዳር እንደቀበራት። ድንጋዩ ከነዓን ቀርቷል፤ ቦታው ግን ከአፉ አልጠፋም።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ሠራዊቱ በ2017 ዓ.ም. ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ በየግቢውና በየመንገዱ የተቀበሩት እየወጡ ወደ መቃብር ስፍራ እየተወሰዱ ነው። ይህ የእገሌ ነው የሚል ከሌለ ሰውየው ስም የለሽ ሆኖ ይሄዳል። «እግዚአብሔር ያውቀው የለ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ የሙሴን መቃብር ከእርሱ በቀር ማንም አያውቅም። ያዕቆብም እኮ እግዚአብሔር እንደሚያውቅ አልጠፋውም። ቢሆንም ለልጁ ነገረ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደብተር ይዘን ከዛፉ ሥር እንቀመጣለን። ስሙን ከነክርስትና ስሙ፣ ሰው በቅጽል ስም የሚያውቀው ከሆነ እሱንም ንገሩን። ሰፈሩ ጅሬፍ ይሁን ደይም፣ የተቀበረበትን ቀን፣ አጠገቡ ያለውን ምልክት፦ ዛፍ፣ የውሃ በርሜል፣ የማን በር እንደሆነ። መጻፍ የማይችል ይናገር፤ እኛ እንጽፋለን። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ፣ ይስሙ።