ምስማሩ እስከ የት ይመታ?

ሰውን በሥርዓት ማጽናት ሰውን ከማስጨነቅ የሚለየው በምንድን ነው? ከአንድ ትንሽ ሥራ ተነሥተን እንመልከተው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ባቡርን 87 ጊዜ አሳንሰው በጣውላ ላይ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። «ኤች ኦ» በሚባለው በዚህ መጠን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ነው። ሐዲዱ ካልታሰረ ይንሸራተታል፤ ባቡሩም ይወድቃል። ስለዚህ በአግዳሚው መካከል ቀጭን ምስማር ይመታል። ነገር ግን ምስማሩ ከልክ ካለፈ አግዳሚው መሐሉ ይጎብጣል፤ ሐዲዶቹ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፤ ስፋቱ ይጠባል፤ ባቡሩም እንደገና ይወድቃል። ብልህ ሠሪ ግን የምስማሩ ራስ አግዳሚውን ሊጫን ሲል መዶሻውን ያቆማል። ጣውላው በእርጥበት ስለሚያብጥ፣ ሲደርቅም ስለሚኮማተር፣ በሐዲዶቹ መጋጠሚያ ላይ ጥቂት ክፍተት ይተዋል።

እንግዲህ ባቡሩን መላላትም መጥበቅም ይጥለዋል። እኛም በሰንበት ትምህርት ቤት ታናናሾቻችንን ስናስተምር በእጃችን መዶሻ አለ። የሚጠይቀውን ልጅ «ዝም በል» ብንለው ዝም ይላል፤ ዝምታው ግን እምነት አይደለም። አንዳንዶች «ከላላን ሥርዓት ይፈርሳል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ምስማሩ ይነቀል አላልንም። ነገር ግን ሐዲድ የሚታሰረው ባቡሩ እንዲሄድበት ነው።

ስለዚህ ከተግሣጽ በኋላ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ይህ ልጅ በሚመጣው እሑድ ጥያቄውን ይዞ ይመለሳልን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።