እባብ ያየ በልጥ በረየ

መጀመሪያ ስለ ልጥ። ከተማ ያደገ አንባቢ ምሳሌውን ያውቀዋል እንጂ ልጡን ላያውቀው ይችላል። ልጥ ከዛፍ ቅርፊት በቁመቱ ተልጦ የሚወጣ ማሰሪያ ነው። እርጥብ ሳለ እንደ ልብ ይተጣጠፋል፤ ሲደርቅ ጥብቅ ይላል። በገጠር ጎጆ ሲሠራ ማገሩ ከግድግዳው እንጨት ጋር የሚታሰረው በእሱ ነው። መሬት ላይ ተጥሎ ሲታይ ግን፣ ይልቁንም ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ እባብ ይመስላል። አንድ ጊዜ እባብ ያየ ሰው ልጥ ሲያይ ደንብሮ ይሸሻል፤ በረየ ማለት ይኸው ነው።

ምሳሌውን ስንጠቅስ ሁሌ የምናወራው ስለ እባቡ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ልጡ ነው። ሰውየው የሸሸው ቤት ከሚታሰርበት ነገር ነውና።

አንድ ወዳጄ አለ። አራት ዓመት አንዲት ልጅ ወድዶ ኖረ። ስትታመም ሌሊቱን ሙሉ ወንበር ላይ ያድራል፤ እናቷን "እማዬ" ይላል። ታማኝ ነው። "ሽማግሌ መቼ ትልካለህ?" የተባለ ዕለት ግን ፊቱ ይለዋወጣል። መጀመሪያ ከፋሲካ በኋላ አለ። ቀጥሎ ከመስቀል በኋላ። ከዚያ የቤት ኪራይ ተወደደ፣ ከዚያ የእህቱ ልጅ ክርስትና መጣ። ምክንያቶቹ ሁሉ እውነት ነበሩ፤ አንዳቸውም ግን ዋናው አልነበሩም።

ዋናውን ያወቅሁት አንድ ማታ ራሱ ሲነግረኝ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ አባትና እናቱ ተለያዩ። ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀምጠው ንብረት ሲያካፍሉ እሱ በሩ ሥር ቆሞ ይሰማል። አንደኛው ሽማግሌ ዕቃውን በየተራ ይጠራል፤ አባት ወይም እናት "ለእኔ" ይላሉ። ብርድ ልብሱ። ሬዲዮው። ከዚያ ሽማግሌው ድምፁን ሳይቀይር "ልጁስ?" አለ። ዝምታ ሆነ። "እሱን በኋላ እናየዋለን" ተባለና ወደ ድስቶቹ ታለፈ።

እንግዲህ "ሽማግሌ" የሚለው ቃል ለእሱ ምን እንደሆነ አስቡት። ለእኛ የሠርግ መጀመሪያ ነው፤ ነጭ ጋቢ፣ ምርቃት። ለእሱ በሬዲዮና በድስት መካከል ስሙ የተጠራበት ቀን ነው። ልጅቷ ልጥ ይዛ መጣች፤ እሱ ያየው እባብ ነው።

ይህ ነገር የእሱ ብቻ ጠባይ አይደለም። በ1920 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር በአሜሪካ አንድ ሕፃን ላይ ዛሬ ማንም የማይፈቅደው ሙከራ አደረጉ። አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ነጭ አይጥ እያሳዩ ከኋላው የብረት ዘንግ በመዶሻ ይመቱ ነበር። ልጁ በፊት የማይፈራውን አይጥ ፈራ። ፍርሃቱ ግን በአይጡ አልቆመም፤ ወደ ጥንቸል፣ ወደ ውሻ፣ ወደ ፀጉራም ካፖርት ተዛመተ። የእኛ ሰው ይህን በአራት ቃል ብሎት ነበር።

ምሳሌው የበራዩን ነገር በትክክል ገልጾ እዚያው ያቆማል፤ የሸሸው ሰው ኋላ ምን እንደሆነ አይነግረንም። ብዙ ሰው ይህንን ዝምታ እንደ ፍርድ ይወስደዋል። "እኔ እንዲህ ነኝ፣ አንዴ ተነክሻለሁ" ይልና ዕድሜውን ይጨርሳል። እዚህ ላይ ከምሳሌው ጋር አልስማማም። በ1924 እ.ኤ.አ. ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጥንቸል የሚፈራ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ገጠማት። ፒተር ትለዋለች። አልገሠጸችውም፣ ጥንቸሉንም ጭኑ ላይ አልጣለችበትም። የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሉን ራቅ አድርጋ ታስቀምጣለች፤ ቆይታ ጥቂት ታስጠጋዋለች። የማይፈሩ ልጆች አብረውት እንዲጫወቱም አደረገች። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሉ ጣቱን ሲነካካው ዝም ብሎ ይመለከት ጀመር።

አባቶቻችንም ይህንን ፍርሃት የማያውቁ አልነበሩም። ቁርባን የማይፈርስ ጋብቻ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎች መጀመሪያ ሊፈታ በሚችለው በሰማንያ ጋብቻ ይጋቡ፣ ልጅ ይወልዱ፣ ዓመታት ይኖሩና ከዚያ በኋላ፣ አንዳንዶቹም ሽበት ካወጡ በኋላ፣ ይቆርቡ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው እንዲህ አይደለም። ሰዉ ግን የማይፈታውን ቋጠሮ እየፈራ ደረጃ በደረጃ ቀረበው። ስለዚህ "የዛሬ ልጆች ቃል ኪዳን ፈሩ" የሚለው ወቀሳ ግማሹ እውነት አይደለም። አባቶቻችን ሲፈሩ ግን ቤት ውስጥ ሆነው ነበር፤ የዛሬው ሰው ደጅ ቆሞ ነው የሚፈራው።

ደጅ መቆም ራሱ ነፃ እንደማያወጣም ልብ በሉ። "ሳንፈራረም እንኑር፣ ማንም ማንንም አያስር" የሚሉ ጥንዶች አውቃለሁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎችን ያውቃቸዋል፤ ኑሯቸው ከሦስት ዓመት ካላነሰ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራ ይሆናል። ልጡን የሸሸው ሰው ሳያውቀው ታስሯል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። አንዳንዱ ልጥ በእርግጥ እባብ ነው። የሚማታ፣ ስልክሽን የሚበረብር፣ ከዘመድ የሚያርቅሽ ሰው ፊት ልብሽ ከደነበረ፣ ልብሽን ስሚው። እሱን ለምዶ ማለፍ አያስፈልግም። ደግሞ ፍርሃት ሳይሆን ፍቅር ያጣ ሰው አለ፤ እሱ "ፈርቼ ነው" እያለ የሰው ዕድሜ መብላት የለበትም፣ ቁርጡን ይናገር። ልዩነቱ ከባድ አይደለም። የፈራ ሰው መሸሹ ያመዋል፤ ያልወደደ ሰው ሲሸሽ ይቀልለዋል።

ወዳጄን የሚያመው ነበር። ስለዚህ ለእኔ የነገረኝን ለእሷ እንዲነግራት ለመንኩት። ሳምንት ፈጀበት። ነገራት። አላለቀሰችም፣ "ያለፈ አለፈ" አላለችም። "እንግዲያው ሽማግሌዎቹን አብረን እንምረጣቸው" አለችው። ከዚያ አንድ እሑድ ሰፈራቸው ያሉ አንድ አዛውንት ቤት ቡና ጠጡ፤ ስለ ጋብቻ አልተነሳም። ሌላ እሑድም ሄዱ። በሦስተኛው ወር ወዳጄ የሬዲዮና የድስቱን ታሪክ ለእኒያ አዛውንት ራሱ አወራላቸው። እሳቸውም ሲኒያቸውን አስቀምጠው "እኔ ከሄድኩ መጀመሪያ የምጠራው የአንተን ስም ነው፣ ልጄ" አሉት።

ጥር ላይ ሽማግሌ ተላከ። ወዳጄ ያን ዕለት እኔ ቤት ነበር የዋለው፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሻዩን አልጨረሰውም። ፍርሃቱ አልጠፋም ነበር፤ ስልኩ ሲጠራ ግን ተነስቶ አነሳው።

አንተም የምታስጠብቃት፣ አንቺም የምታስጠብቂው ሰው ካለ፣ ሌላ በዓል አትቀጥሩለት። እባቡን የት እንዳያችሁት ዛሬ ማታ ንገሩት።